ሁለት በቅሎ ጭነት አፈር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ በጾሙ ማብቂያ አንዲት ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 ላይ ናት። ሶርያዊው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ከዳነ በኋላ ኤልሳዕን አንድ ነገር ለመነው። ሁለት በቅሎ የሚጭነው አፈር። አገሩ ገብቶ ለእስራኤል አምላክ ሊሠዋ ነው እኮ! ያለ እስራኤል አፈር እንዴት ይሆናል?

ልጅ ሆኜ ሳነበው ያስቀኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ዘመን አምላክ ሁሉ አገር ነበረው። ሞዓብ የካሞሽ ናት፣ ባቢሎን የማርዱክ። ድንበር የተሻገረ ሰው ከአምላኩ ግዛት ወጣ ማለት ነው። ዳዊት እንኳ ሳኦል ሲያሳድደው፣ ከርስቱ ያባረሩት ሰዎች «ሂድ፣ ሌሎች አማልክትን አምልክ» እንዳሉት ያህል ቆጥሮት አዝኗል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አቃጠለ። ቤተ መቅደሱ ፈረሰ፣ ሕዝቡ ተማረከ። በዘመኑ አስተሳሰብ ነገሩ አልቋል፤ ማርዱክ አሸነፈ። «የእግዚአብሔርን ዝማሬ በባዕድ ምድር እንዴት እንዘምራለን?» የሚለው መዝሙር የናፍቆት ብቻ አይመስለኝም። የምር ጥያቄ ነው። ይቻላል ወይ?

ብዙ ተመራማሪዎች የምርኮ ዘመን ነው የሚሉት የኢሳይያስ ክፍል አለ፤ ከምዕራፍ 40 ይጀምራል። እዚያ «ከእኔ በቀር አምላክ የለም» የሚለው ቃል ይደጋገማል። አሥርቱ ትእዛዛት ላይ ያለው ደግሞ «ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» ነው። ልዩነቱን አያችሁት? አንዱ ሌሎቹን አታምልክ ይላል። ሌላው ጭራሽ የሉም ይላል። ቂሮስ፣ የፋርሱ ንጉሥ እንኳ፣ ሳያውቀው ይኸው አምላክ የቀባው ተባለ። ሰዎቹ አገራቸውን ሲቀሙ ነው አምላካቸው የአገር ድንበር እንደሌለው አጥርተው ያዩት።

ሁሉም ግን እኩል አልገባውም። የእኛው ዓባይ በሚያልፍባት፣ አስዋን አጠገብ ባለችው በኤለፋንቲን ደሴት፣ ለፋርስ የሚያገለግሉ አይሁድ ወታደሮች ይኖሩ ነበር። ለ«ያሁ» (የእስራኤልን አምላክ እንዲህ ነበር የሚጠሩት) የራሳቸው ቤተ መቅደስ ነበራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ገደማ የተጻፈ የመዋጮ ዝርዝራቸው ግን ገንዘቡን ለያሁ ብቻ አይሰጥም። ዓናት ቤቴል ለምትባል አምላክም ድርሻ አላት። እኔ አልፈርድባቸውም። ሰው የኖረበትን ቶሎ አይተውም።

ለእነዚሁ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ419 ሐናንያ የሚባል ሰው ኒሳን በሚባለው የአይሁድ ወር ስለሚከበረው በዓል ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ንጹሕ ሁኑ፣ ሥራ አትሥሩ፣ እርሾ ያለበትን አትብሉ ይላል። መጠጥ ላይም ክልከላ አለበት፤ ተመራማሪዎች የፈላ መጠጥ፣ ጠላ ቢጤ ነው ይላሉ። ፋሲካ የምንለው ስም ራሱ የመጣው ከዚያው ከአይሁድ ፔሳሕ ነው።

ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች ሐበሻ ደረሱ። እነሱ አፈር አልተሸከሙም። በንጉሡ ፊት በቃላቸው የያዙትን ስለ መርየም የሚናገረውን ቁርኣን አሰሙ። ንዕማን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው የአንዲት ዘመዴን ሻንጣ ስናሽግ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል። ኪሎ አለፈ ተብሎ በርበሬው ተቀነሰ። ጠበሉን ንክች የለም!

አረብ አገር በሰው ቤት ሆናችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ክርስቶስ ተንሥአ» የምትሉ፣ አውሮፓና አሜሪካ በኪራይ አዳራሽ የምታስቀድሱ፣ ቴል አቪቭ ፔሳሕን ያከበራችሁ፣ እዚህ ደግሞ ከሌሊት ቅዳሴ ተመልሳችሁ ዶሮው ላይ የተሰበሰባችሁ፣ መልካም በዓል። ስለ ጠላው ግን ከሐናንያ ጋር አልስማማም። ቅዱልኝ።