ሕልሜ ዘጠኝ ሲሊንደር፣ ኪሴ አራት

ትናንት ማታ እንደገና ሒሳብ ሠራሁ። በየሦስት ወሩ የሚነሳብኝ በሽታ ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል ሶፋው ላይ እጋደምና የሚሸጡ አውሮፕላኖችን ፎቶ ማየት እጀምራለሁ። አንዱን አይቼ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ መጀመሪያው። ትንሽ ቆይቼ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣለሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ሕልሙ ይበንናል።

ሕልሜ ቢቨር ነው። ዴ ሃቪላንድ ካናዳ የሚባል ኩባንያ የሠራው፣ ዲኤችሲ-2። መጀመሪያ የበረረው በ1947 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ እስከ 1967 ድረስ ከ1,600 በላይ ተሠርተው በዚያው ቀሩ። መልኩ አያምርም። አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ነው፣ ጎኑ እንደ ሳጥን ነው። ግን ሐይቅ ላይ ያርፋል፣ በረዶ ላይ ያርፋል፣ አጭር የኮረኮንች ሜዳ ከሰጠኸውም አያማርርም። ከፊቱ ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር ክብ ሞተር ተሸክሟል፣ 450 የፈረስ ጉልበት። እኔን ያሸነፈኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነች። የሞተር ዘይት መሙያው ያለው ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ነው! ከወለሉ አጠገብ፣ እግር ሥር። አየር ላይ ሆነህ ክዳኑን ከፍተህ ዘይት ትጨምራለህ። ይሄን ያሰበ ሰው በብርድ ውጭ ቆሞ ዘይት መሙላት ያንገፈገፈው ሰው መሆን አለበት።

እና ይህ ሞተር በሰዓት 80 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። አሁን የምበርራት 22 ገደማ ነው የምትወስደው። እሷንም እየተሳቀቅኩ ነው የምሞላት።

አብራሪዎችን ሰብስበህ «ገንዘብ ችግር ባይሆን ምን ትገዛለህ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ ብዙም አይለያይም። አንዱ ወገን የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ይላል፣ ሙስታንግ፣ ስፒትፋየር። ባለ 12 ሲሊንደር መርሊን ሞተር ሲነሳ ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው፣ አልክድም። ግን ሙስታንግ በሰዓት ከ200 ሊትር በላይ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ነዳጁ ደግሞ ከወጪው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ወገን ፒላተስ ፒሲ-12 ይላል። አንድ ተርባይን ሞተር፣ አንድ አብራሪ፣ ቤተሰብና ሻንጣ ሁሉ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። እነዚህ ተግባራዊ ሕልመኞች ናቸው፤ ሲያልሙም ሻንጣ ይቆጥራሉ።

መሐል ላይ ቦናንዛ አለ። ቢችክራፍት ቦናንዛ ከ1947 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲመረት የኖረ አውሮፕላን ነው። የድሮዎቹ ጭራቸው እንደ «ቪ» ፊደል የተከፈተ ነው፣ ያ ዓይነቱ በ1982 ቆመ። «ዶክተር ገዳይ» የሚል መጥፎ ስምም አለው። ምክንያቱን ብዙ ሰው ጭራው ላይ ብቻ ይለጥፈዋል። ጭራውን በተመለከተ የማጠናከሪያ ሥራ መታዘዙ እውነት ነው። ግን ትልቁ ጣጣ ሌላ ይመስለኛል። አውሮፕላኑ አየርን እንደ ቢላ የሚቆርጥ ለስላሳ ነገር ነው። አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ካለ ፍጥነቱ ሳታስበው ይወነጨፋል። ገንዘብ ያለው፣ የበረራ ሰዓት ግን የሌለው ሰው ይዞት ደመና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው። ገንዘቡ ከችሎታው ቀድሞ የደረሰ ሰው አውሮፕላን ነበር ማለት ነው።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ቀን ወዳጄ አጠገብ በቦናንዛ ተቀምጬ በረርኩ። ጎማውን ሲያጥፈው አውሮፕላኑ ከኋላው የሆነ ሰው የገፋው ያህል ነው ወደፊት የተንሸራተተው። ከ160 ኖት (በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ፣ ያውም ሳይጨነቅ። በማግስቱ የኔዋ ውስጥ ስገባ 95 ኖት ላይ የምትንቀጠቀጠው ነገር አውሮፕላን መሆኗን ለራሴ ማስረዳት ነበረብኝ።

ሲረስን ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ልበል። መላውን አውሮፕላን አንጠልጥሎ የሚያወርድ ፓራሹት አለው። አብራሪዎች ስለ ፓራሹቱ ቁምነገር አስመስለው ይከራከራሉ፣ የሚወስነው ግን አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው ነው። የማትበርር ሚስት፣ የማይበርር ባል፣ «ያ ቀይ እጀታ ምንድነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከሰማ በኋላ ሌላ አውሮፕላን አያስገዛም።

እሺ፣ ወደ መሬት እንውረድ። አብዛኞቻችን ለምን ከራሳችን የሚበልጡ አሮጌ አውሮፕላኖችን እንበርራለን? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ድሮ ብዙ ተሠሩ፣ ከዚያ ነገሩ ቆመ። በ1978 የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ17,000 በላይ ትናንሽ አውሮፕላኖች ለገዢ አስረከቡ። በ1994 ቁጥሩ ከ1,000 በታች ወርዷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ክስ ነበር። ከ30 ዓመት በፊት የተሸጠ አውሮፕላን ሲወድቅ ፋብሪካው ይከሰስ ነበር። ሴስና 172ን እንኳ፣ ከ44,000 በላይ የተሠራውን፣ በ1986 ማምረት አቁመው ነበር። በ1994 የፋብሪካውን ተጠያቂነት በ18 ዓመት የሚገድብ ሕግ ወጣና ከዚያ በኋላ ነው የተመለሰው። ሲመለስ ግን ዋጋው የድሮው አልነበረም። አዲስ 172 ዛሬ የቤት ዋጋ ነው፣ ያውም ትልቅ ቤት። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው የሚያየው የሰባዎቹን ነው።

የሰባዎቹ ገበያ ውስጥ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። እኔ አንድ እግሬን አስገብቼበት ነበር።

ባለ ሁለት ሞተር አሮጌ አውሮፕላን ርካሽ ነው። የምሬን ነው፣ አንዳንዱ ጥሩ ከተያዘ ባለ አንድ ሞተር ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ስድስት መቀመጫ፣ የሚታጠፍ ጎማ፣ ፈጣን፣ መልኩም ሸበላ። ማስታወቂያው «ሞተሮቹ ከታደሱ 600 ሰዓት ብቻ» ይላል። እንዲህ ያለ ሞተር ብዙውን ጊዜ እስከ 2,000 ሰዓት ድረስ እድሳት አይፈልግም፣ ስለዚህ ገና 1,400 ሰዓት አለኝ ብዬ በሐሳቤ ባሕር ተሻገርኩ። ለሻጩ ደወልኩ። ቀብድ ልከፍል ሁሉ ነበር።

ደግነቱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። እሳቸው አውሮፕላኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደው የዘይት ፊልትሮውን ፈቱ። በመቁረጫ ዙሪያውን እንደ ቆርቆሮ ከፈቱት፣ ውስጡ ያለውን የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። መብራቱን ዝቅ አድርገው ያዙ። ወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል፣ እንደ ብርማ አሸዋ። ከኪሳቸው ማግኔት አውጥተው ጠጋ አደረጉ። አሸዋው ተነስቶ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈ።

«ልጄ፣ ይሄ ብረት ነው» አሉኝ። «ከካምሻፍቱ የተላጠ ነው፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ።»

«600 ሰዓት ብቻ እኮ ነው የሠራው?»

«በስንት ዓመት?»

መዝገቡን አየሁ። 22 ዓመት። በዓመት 27 ሰዓት ማለት ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ደግሞ ጭራሽ አልተነሳም። ያኔ ያስረዱኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዚህ ዓይነት ሞተር ካምሻፍቱ ያለው ከላይ በኩል ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ወር ሁለት ወር ሲቆይ ካምሻፍቱ ራቁቱን ይቀራል፣ እርጥበት ያገኘዋል፣ ይዝጋል። ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቱ ሲያስነሳው ዝገቱ እንደ ሞረድ ብረቱን ይፈገፍገዋል። ስለዚህ «ጥቂት ሰዓት» ማለት ሁልጊዜ «ጤነኛ» ማለት አይደለም። በየሳምንቱ የሚበርርና 1,500 ሰዓት የሠራ ሞተር ከዚህኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል። እና ይሄ አውሮፕላን ያለው ሞተር ሁለት ነው። ሁለተኛውን ፊልትሮ ልክፈተው ወይ ሲሉኝ አይ ይበቃኛል አልኩ።

የአሮጌ ባለ ሁለት ሞተር ርካሽነት ይሄው ነው። መግዣውን ቀንሰውልህ ቀሪውን በየዓመቱ ያስከፍሉሃል። ሁለት ሞተር፣ ሁለት ፕሮፔለር፣ የሚታጠፍ ጎማ ከነሃይድሮሊኩ፣ ኢንሹራንሱ ደግሞ «በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ስንት ሰዓት በረሃል?» ይልሃል። ዜሮ ስትል ዋጋውን ብቻ አይደለም የሚቀይረው፣ ድምፁንም ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡን በትክክል መሥራት የጀመርኩት። የሠራሁበት መለኪያ የአንድ ሰዓት ኪራይ ነው። ሃንጋር፣ ኢንሹራንስና ዓመታዊ ምርመራ ስደምር፣ ለአንዲት ትንሽ ባለ ሁለት መቀመጫ ሴስና 150 እንኳ፣ በዓመት ወደ 50 ሰዓት ኪራይ መጣብኝ። ይሄ ጎማዋ ከመሬት ሳይነሳ የሚከፈል ነው። ነዳጁ የለበትም፣ ለሞተር እድሳት በየሰዓቱ የሚቀመጠውም የለበትም። በዓመት 40 ሰዓት የሚበርር ሰው ብቻውን አውሮፕላን ቢገዛ ከኪራይ በላይ እየከፈለ ነው። እሱ ደግሞ 40 ሰዓት እንደሚበርር እንኳ ለሚስቱ እንጂ ለራሱ አልማለም።

የበረራ መዝገቤንም አወጣሁ። ሕልሙ ያለቀበት ሰው ነው መዝገብ የሚያነበው። በዚያ ዓመት 47 ጊዜ ተነስቻለሁ። 31ዱን ብቻዬን። 14ቱን ከአንድ ሰው ጋር። ሁለቱን ብቻ ባለ አራት መቀመጫ ተከራይቼ ከሁለት ሰው ጋር። ረጅሙ በረራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ቦናንዛ፣ ቢቨር፣ ስድስት መቀመጫ... ማንን ልጭንበት ነበር?

በመጨረሻ አራት ሆነን አንዲት የ1976 ሴስና 150 ገዛን። 100 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ሲሊንደር። ሃምሳው ሰዓት ለአራት ሲካፈል ትንፋሽ ይሰጣል፣ አራት ሰው ሲበርራት ደግሞ ሞተሩ ለመዛግ ጊዜ አያገኝም፤ የሽማግሌው ነገር በዚህ ጠቀመኝ። በሰላም እንኖራለን ልላችሁ አልችልም። አንዱ ወንበሩን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ስቦ ይተወዋል። ሌላው ነዳጅ ሳይሞላ ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰማዩ መስታወት በሆነበት ቀን፣ ሄጄ ቁልፉን ባዞር ባትሪው ሞቷል። ዋናው ማብሪያ ሳይጠፋ አድሯል። እስከ ዛሬ ማንም አላመነም። እኔ የምጠረጥረው ሰው አለ፣ እሱም እኔን ይጠረጥራል።

ክብደት ደግሞ ሌላ ቲያትር ነው። የኛዋ ባዶዋን 505 ኪሎ ናት፣ መነሳት የምትችለው እስከ 725 ነው። 220 ይቀራል። ታንኩ ሙሉ ከሆነ 70 ኪሎ ያህሉን ነዳጁ ይወስዳል። ለሰው የሚተርፈው 150 ነው። እኔ 84 ነኝ። አንዱን ወዳጄን ሳሳፍረው «78 ነኝ» አለኝ፣ ዓይኑ ግን ሌላ ይላል። ሚዛን ከቤት ይዤ ሃንጋሩ ወለል ላይ አስቀመጥኩ። ጃኬቱን አወለቀ። ጫማውን አወለቀ። ሰዓቱን ሊያወልቅ ሲል አስቆምኩት። 87። ስለዚህ ታንኩን ሙሉ ሳናደርግ፣ ከ30 ሊትር በላይ ጎድለን ተነሳን፣ መንገዳችንንም በዚያው ልክ አሳጠርን። ቢቨር ላይ እንዲህ ያለ ውርደት የለም።

ራስህ የምትገጣጥመውን አውሮፕላን ለምን አልሞከርክም የሚለኝ አለ። ቫንስ የሚባለው ኩባንያ የሚሸጣቸው አርቪዎች ግሩም ናቸው፣ ከ10,000 በላይ ተጠናቀው በርረዋል፣ ከኛዋም በጣም ይፈጥናሉ። ግን ስንት ሺህ ሪቬት (ቆርቆሮውን የሚያያይዝ ሚስማር) ነው! ግማሽ ክንፍ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ዓመታት የቆየባቸው ጋራዦች አይቻለሁ። እራሴን አውቀዋለሁ። ቁም ሳጥን ገጣጥሜ ሦስት ብሎን የተረፈኝ ሰው ነኝ።

ታዲያ ትናንት ማታ ሒሳቡን የሠራሁት ለምን ነበር? ቢቨር ልገዛ አይደለም። በቢቨር ከአስተማሪ ጋር በሰዓት ከፍሎ መብረር የሚቻልበት ቦታ አገኘሁ፣ ውሃ ላይ የሚያርፈውን። የአንድ ሰዓቱ ዋጋ በኛዋ ሴስና ስንት ቅዳሜ እንደሆነ ነበር የማሰላው። ስድስት ቅዳሜ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ወሰንኩ፣ ጠዋት ደውዬ ቀን ያዝኩ። ሴትየዋ ስንት ሰዓት እንደበረርኩ ጠየቀችኝ፣ ክብደቴን ጠየቀችኝ (84 አልኩ፣ በሚዛን)፣ በመጨረሻ ጥያቄ አለህ ወይ አለችኝ።

«አየር ላይ እያለን ዘይት መጨመር ይቻላል?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ካልጎደለስ?»

«ትንሽ አጉድላችሁ አቆዩልኝ» አልኩ።