ነጩ ዓይን ከየት መጣ?

«ይሄ ጠርሙስ ተበላሽቷል። ነጭ ዓይን ገብቶበታል፤ አውጥተሽ ድፊው።»

ዶክተሩ የፍራፍሬ ዝንቦች የማረባበትን ጠርሙስ አይቶ ይህን ያለኝ ተማሪዎች ፊት ነው። ክሮሱን፣ ማለትም ማዳቀሉን፣ ያዘዘው ራሱ ነበር፦ ቡናማ ዓይን ሴት ከቨርሚሊየን (ደማቅ ቀይ ዓይን) ወንድ። ኤፍ ዋን፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ሁሉም ዋይልድ ታይፕ ሆነ፤ የተለመደው ቀይ ዓይን። ኤፍ ቱ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ላይ ነጭ ዓይን ብቅ አለ። ከአያቶቻቸው ነጭ የነበረ የለም። መደርደሪያው ላይ ደግሞ የነጭ ዓይን ስቶክ፣ ለዘር የሚጠበቁ ዝንቦች፣ ተቀምጧል። ስለዚህ ጥፋተኛዋ ቴክኒሺያኗ ናት፤ አለቀ።

አልደፋሁትም። ነጮቹን በብሩሽ ስለይ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ከጠቅላላው ከ16 አንድ ገደማ። ከስቶክ ያመለጠ ዝንብ መቼም ጾታ መርጦ አይገባም። የድሮሶፊላ፣ የዚህ ዝንብ፣ ዓይን ሁለት ቀለም አለው፤ ቀይና ቡናማ። ቨርሚሊየን የሚባለው ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ቡናማውን ቀለም ያስቀራል። የቡናማ ዓይኖቹ ሚውቴሽን፣ ብራውን የሚባለው፣ ቀዩን ያስቀራል። ሁለቱም የደረሱበት ዓይን ባዶ፣ ማለትም ነጭ፣ ነው። ቨርሚሊየን ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነና የኤፍ ዋን አባቶች ኤክስ ጤነኛ ስለሆነ፣ ያንን ኤክስ የሚወርሱት ሴት ልጆቻቸው በሙሉ ይተርፋሉ።

«አጋጣሚ ነው» አለኝ።

እሺ ብዬ ነጮቹን ወንዶች ከስቶኩ ነጭ ሴቶች ጋር አዳቀልኳቸው። ስቶኩ የዘረመል ተመራማሪው ሞርጋን በ1910 እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ ብቻውን ዓይንን ነጭ የሚያደርገው የዋይት ጂን ነው። የእኔዎቹም እሱ ከሆኑ ልጆቹ በሙሉ ነጭ ይሆናሉ። ድንግሎቹን ከወጡ 8 ሰዓት ሳይሞላቸው መልቀም አለብኝ፤ ለዚያ በማለዳ ማን እንደገባ የጠየቀ የለም።

ልጆቹ ሲወጡ ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ፊቱ በራ።

«ይኸው ነጭ! አላልኩሽም?»

«ዶክተር፣ ያዩት ወንዶቹን ነው።»

«እና?»

«ወንድ ኤክሱን የሚወስደው ከእናቱ ነው። እናትየዋ ነጭ ናት። አባትየው ምን እንደሰጠ ለማወቅ ሴቶቹን ይዩ።»

ይህን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ተማሪው ሳለሁ።

ብሩሹን ተቀብሎኝ ሴቶቹን አገላበጠ። አንዷም ሳትቀር ቀይ። ፎከሱን አስተካከለ። እንደገና አስተካከለ።

«ኤተር አብዝተሽባቸዋል» አለኝ ቀና ሳይል።

ኤተር ዝንቦቹን ማደንዘዣችን ነው፤ በዝቶ የገደለው ዝንብ ክንፉን ወደ ላይ ገትሮ ነው የሚቀረው። እነዚህ ክንፋቸውን አጥፈው ተኝተዋል። እሱ ገና ስለ ኤተር ሲያስረዳኝ አንዷ ቀይ ዓይን ተነስታ መራመድ ጀመረች።