መጀመሪያ ጣሪያውን እዩ

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ የሚያስበው ኤሲ መግዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጣሪያውን እዩ እላለሁ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የተሠሩት የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ችግሩ ያለው ከላይ ነው።

የእናቴ ቤት ኮርኒስ ከሰዓት በኋላ ሲነኩት እጅ ይፋጅ ነበር። አምና ግንቦት ሳይገባ ከሞራሌዎቹ ሥር የአሉሚኒየም ፎይል ወጠርን። ዋናው ነገር ክፍተቱ ነው፤ ፎይሉ ቆርቆሮውን ከነካ ሙቀቱን ተቀብሎ ያስተላልፋል እንጂ አይመክትም። የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆነ አቧራ ይለብስና ጥቅሙ ይቀንሳል። የድሬን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ! በጣሪያው ሁለት ጫፍ ለሞቃቱ አየር መውጫ ከፍተን፣ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት መታንበት።

ድሮ በረንዳ ላይ ትጋደም የነበረችው እማዬ አሁን ከምሳ በኋላ መኝታ ቤቷ ውስጥ ታርፋለች። ገንዘብ ላጠረው ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባትም ብዙ ይረዳል። ሱቅና መጋዘን ያላችሁ፣ ጣሪያችሁ ሰፊ ነውና፣ እባካችሁ ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን አድርጉ።