ፍልሰታን በግሪንደልቫልድ

ነሐሴ ላይ ስዊዘርላንድ ሄደን ተራራ ለተራራ በእግር ልንዞር ነው ስንል ወዳጅ ዘመድ ሁለት ነገር ጠየቀን። ገንዘቡስ? አክስትሽስ ይችላሉ? አክስቴ ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። እንደ እኔው ፍራንክፈርት ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸው አልፎ አልፎ ያስቸግራቸዋል። በዚያ ላይ የሥራ ፈቃዴ የወጣው ልክ በፍልሰታ ነው። አይብና ቅቤ በሚዘነብበት አገር፣ በጾም፣ ያውም በእግር! ሄድን፣ ደስ ብሎንም ተመለስን። ማሰብ ለጀመረ ሰው እንዲጠቅም እንዴት እንዳደረግነው ልንገራችሁ።

የመረጥነው ግሪንደልቫልድን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1034 ሜትር ላይ ያለች የበርን ኦበርላንድ መንደር ናት። ፊት ለፊቷ 3967 ሜትር የሚረዝመው አይገር ተገትሯል። ውበቷ እንዳለ ሆኖ እኔን የሳበኝ ሌላ ነው፤ ከመንደሩ በየአቅጣጫው ኬብል ካርና የተራራ ባቡር ይነሳል። ጉልበት የሚያመው ሰው ዳገቱን በገመድ ይወጣና ላዩ ላይ ደልደል ያለውን መንገድ ይሄዳል። የበረታው ደግሞ ጠንከር ያለውን ይመርጣል። ማታ ሁለቱም አንድ ማዕድ ላይ ይገናኛሉ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከፍራንክፈርት በባዝልና በበርን በኩል ኢንተርላከን ኦስት በባቡር፣ ከዚያ በትንሹ የተራራ ባቡር። ይህ ባቡር ጽቫይሉቺነን የምትባል ጣቢያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ወደ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ስለዚህ ፉርጎው ላይ የተጻፈውን አይታችሁ ግቡ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ሌላ ቪዛ አያስፈልግም፤ ስዊዘርላንድ ሼንገን ውስጥ ናት። የአውሮፓ ኅብረት አባል ግን አይደለችም። የስልክ ጥቅላችሁ እዚያ ይሠራ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ዳታ አትክፈቱ፣ ጉድ ትሆናላችሁ።

ቤቱን ከወራት በፊት ነው የያዝነው። ኩሽና ያለው ትንሽ አፓርታማ ነው። ነሐሴ ላይ መንደሩ ስለሚሞላ ለዚህ መቸኮል ያስፈልጋል። ከቤቱ ሌላ ግን አንድም ነገር አስቀድሜ አልገዛሁም። የት እንደምንሄድ የምንወስነው በየጠዋቱ ነበር። ከዚያ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ምከሪ ብትሉኝ ይህንን እመክራለሁ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ተራራ ላይ ያለው አየርና መንደሩ ውስጥ ያለው አየር አይተዋወቁም። ጠዋት መስኮት ስትከፍቱ ሁሉን ጉም ውጦታል። ተኝቶ መዋል ነው ያምራችኋል። ላይ ግን ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ኬብል ካሮቹ ጫፍ ላይ ካሜራ አለ፤ ቀጥታ ምስሉን ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። እኔ ቡናው እስኪፈላ ካሜራዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ፣ የስዊዝን የሜትዮሮሎጂ አፕ እከፍታለሁ። አንድ ቀን መንደሩ በጉም ታፍኖ ጎረቤቶቻችን ሲተኙ፣ ሜንሊኸን የሚባለው ተራራ ላይ ሰማዩ ኩልል ብሎ ነበር። ወጣን። ኬብል ካሩ ጉሙን በስቶ ሲወጣ አክስቴ አማተቡ። «መንዝ ነው የገባሁት» አሉ። ያደጉት እዚያ ነው፤ ጉም ከታች ተኝቶ ሰው ከላይ ሲሄድ ለእሳቸው አዲስ አይደለም።

ከሜንሊኸን ወደ ክላይነ ሻይደግ ያለው መንገድ ለእሳቸው የተሠራ ነው የሚመስለው። 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞላ ጎደል ቀስ እያለ ቁልቁል ይሄዳል። አይገር፣ ሞንክና ዩንግፍራው የሚባሉት ተራሮች ከፊት ተደርድረው ከዓይን አይጠፉም። መጨረሻው ላይ የባቡር ጣቢያ ስላለ በእግር መውረድ ግዴታ አይደለም። ቢጫዎቹ የመንገድ ምልክቶች ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው የሚጽፉት። ያ ሰዓት ደግሞ እረፍት አይጨምርም፤ ፎቶ ማንሳትና ላም ማድነቅም የለበትም። እኛ የተጻፈውን በሁለት እያባዛን ነበር የምናቅደው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ቀለም ካያችሁ መንገዱ ጠንካራ ጫማና ከፍታ የማይፈራ ሰው ይፈልጋል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሆነ ግን ተራራ መውጣት ለሚያውቁ ተዉላቸው።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይለወጣል። በሞቃት ቀን ዳመናው ከቀትር በኋላ ይቆለልና መብረቅ ይመጣል። መብረቅ ሲኖር ደግሞ ኬብል ካሩም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በጊዜ ወጥቶ በጊዜ መውረድ ነው። የመጨረሻው መውረጃ ሰዓት ጣቢያው ላይ ተለጥፏል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

አሁን ወደ ስንቁ። ተራራ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች አይብ በዳቦ፣ አይብ በድንች፣ አይብ በአይብ ናቸው። ለጿሚ የሚሆን ሾርባና ድንች ጥብስ ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ስለ ፍልሰታ ማብራራት አያስፈልግም፤ «ቪጋን» ካላችሁ ይበቃል። ድንቹ በቅቤ አለመጠበሱን ግን ጠይቁ። እኛ ግን አብዛኛውን ቀን የበላነው የራሳችንን ነው። አክስቴ ከፍራንክፈርት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ጭነው ነበር የመጡት። ሻንጣቸውን ሳነሳ ትንሽ አጉረመረምኩ። በኋላ ገባኝ። ጭብጦ የሚያክል የተራራ ምግብ አላየሁም። በሶው በዘይትና በበርበሬ ይታሻል፣ በፌስታል ይጠቀለላል፣ አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ሆድ ይይዛል። በየስፖርት ሱቁ የሚሸጡት የኃይል ብስኩቶች አጠገቡ አይደርሱም፤ ብዙዎቹም ወተት አለባቸው። ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ከእንጨት ገንዳ ላይ የሚፈስ ምንጭ አለ፤ «አይጠጣም» ካልተባለ ይጠጣል። የጾሙን ሰዓት በተመለከተ አክስቴ ከመነሳታቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ነበር። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባሁም።

ሌላው ደስ ያለኝ ቀን ባክአልፕዜ የሄድንበት ነው። ፊርስት ድረስ በኬብል ካር፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ አንድ ሰዓት ገደማ በእግር። ሐይቁ 2265 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ 2350 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗን ስነግራቸው አክስቴ «ታዲያ ለምን ያለከልከኛል?» አሉ። ለዓመታት ቆላ ፍራንክፈርት ተቀምጠን ሳንባችን የደጋ ልማዱን ረስቷል፤ ልማዱ በሳምንታት ውስጥ እንኳ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ቀን ለቀላል መንገድ መተው ያዋጣል።

መንገዱ ግጦሽ ለግጦሽ ነው። ላሞቹ ትልልቅ ቃጭል አንገታቸው ላይ አድርገው መንገዱ ላይ ይተኛሉ። አክስቴ ስለ ከፍታው ትተው ስለ ላሞቹ ሆነ ወሬያቸው። በላምና በጥጃዋ መሃል እንዳላልፍ የያዙኝም እሳቸው ናቸው። ምልክቱም እንደዚያው ይላል፤ በአልፕስ ጥጃ ያላት ላም ሰው ወግታ የገደለችበት ጊዜ አለ። ግጦሹ የማን እንደሆነ ጠየቁኝና ቤት ገብቼ አነበብኩላቸው። የግሪንደልቫልድ ግጦሽ ከጥንት ጀምሮ በሰባት የጋራ ማኅበራት የተያዘ ነው። ማን ስንት ከብት እንደሚያወጣ ሥርዓት አለው። አክስቴ አልተገረሙም። መንዝ ጓሳ ላይም ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ፣ በጋራ ውሳኔ ተከፍቶ፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። «የደጋ ሰው ሌላ ምን መላ አለው?» አሉ። የቱሪስት መረጃ ወረቀቱ ላይ ይህ አልተጻፈም። እኔ ግን ከተራሮቹ ፎቶ ይልቅ ይህን ነው ለሰው የማወራው።

አይገር ትሬይልን ለብቻዬ ሄድኩ። አይገር ኤክስፕረስ የሚባለው ኬብል ካር ከመንደሩ ጫፍ አይገርግሌቸር በ15 ደቂቃ ያደርሳል። መንገዱ ከ2320 ሜትር ተነስቶ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር እየተጠማዘዘ ወደ አልፒግለን፣ ወደ 1615 ሜትር ይወርዳል። ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ግድግዳው ላይ ቀና ስትሉ አንገት ይሰበራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ሁለት ጀርመናውያንና ሁለት ኦስትሪያውያን ወጡት። ከዚያ በፊት ሊሞክሩ ሄደው የቀሩ ብዙ ናቸው። ለእኔ ከባዱ ቁልቁለቱ ነበር። ሰባት መቶ ሜትር ሲወረድ ጉልበት ራሱን ያስታውሳል። ሁለት የእግር ጉዞ ዘንግ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው፤ ሸክሙ ወደ ክንድ ይሄዳል። በየስፖርት ሱቁ ይከራያል። አክስቴ መጀመሪያ ስቀውብኝ ነበር። በማግስቱ ዘንጉን ወሰዱብኝ፣ ከዚያ በኋላ አልመለሱልኝም።

ዝናብ በዋለበት ቀን መንደሩ ዳር ወዳለው የበረዶ ገደል ሄድን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የታችኛው ግግር በረዶ ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ወለል ላይ ይደርስ ነበር። አሁን ከገደሉ አፍ ቆሞ የሚያይ ሰው ውሃና ድንጋይ ብቻ ነው የሚያየው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ኪሳችንን ያራቆተው ቤቱ ሳይሆን ኬብል ካሩ ነው። ስለዚህ ለቱሪስት የሚሸጠውን የግማሽ ዋጋ ካርድ ገዛን። አንድ ወር ያገለግላል፤ ባቡሩንም ጀልባውንም አብዛኛውንም ኬብል ካር በግማሽ ያደርጋል። ውድ ኬብል ካር በወጣንበት ማግስት ደግሞ ሸለቆ ለሸለቆ በነፃ እንሄዳለን። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ዩንግፍራውዮኽ ሄዳችሁ ወይ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተ፣ 3454 ሜትር ላይ ያለ፣ በአውሮፓ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ነው። በአውሮፓው በጋ ወራት ሙሉ ዋጋው ደርሶ መልስ ከ200 ፍራንክ በላይ ነው። ለአክስቴ ከፍታውን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡ። «ልጄ፣ ጓሳ ላይ እዚያ ከፍታ ድረስ በግ ስንጠብቅ በእግራችን ነበር የምንወጣው። ማንም አላስከፈለንም።» በግማሽ ዋጋውም ቢሆን ተውነው። በዚያ ቀን ኢንተርላከን ወርደን በብሪየንስ ሐይቅ ላይ በመርከብ ስንንሸራሸር ዋልን።