ላሌሊ ከሄዳችሁ ሱለይማኒዬን ሳታዩ አትመለሱ

ከአዲስ አበባ ለንግድ ኢስታንቡል የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ላሌሊ ነው የሚያርፈው። ልብስ ይመርጣል፣ ካርቶን ያሳስራል፣ ኪሎ ያስመዝናል፣ ይመለሳል። እኔም ለዕቃ ነበር የሄድኩት። ግን ከዚያ ሰፈር ሽቅብ ትንሽ በእግር ብትሄዱ የሱለይማኒዬን መስጊድ ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ድረስ ሄዶ እሱን ሳያዩ መመለስ በጣም ይቆጫል።

ያሠራው የኦቶማን ቱርኩ ሱልጣን ሱለይማን ነው። መሐንዲሱ ደግሞ ሲናን፣ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ ለሱልጣኑ አገልግሎት የተወሰደ፣ በዘመቻ ላይ ድልድይ እየሠራ ሙያውን ያካበተ፣ ኋላም ለ50 ዓመት ገደማ የቤተ መንግሥቱ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የኖረ ሰው። ሥራው በ1550 ተጀምሮ በ1557 አለቀ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በዚያው በ1557 የዚሁ ሱልጣን ጦር ምጽዋን ያዘ። ስለዚህ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው የሱለይማን መቃብር ፊት ስቆም ስለ ሩቅ አገር ንጉሥ ብቻ አልነበረም የማስበው።

ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ። ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ውስጡ ሰፊ ነው፣ ጉልላቱ 53 ሜትር ከፍ ይላል፣ መብራቶቹ ግን በትልልቅ የብረት ቀለበት ተደርድረው ከሰው ራስ ብዙም ሳይርቁ ተንጠልጥለዋል። እኔን ያስደነቀኝ እዚህ ጋ ነው። ድሮ የሚበራው በዘይት ነበር፤ ጭሱ ግድግዳውን እንዳያጠቁረው ሲናን አየሩ ከመግቢያው በር በላይ ወዳለች ክፍል እንዲሳብ አድርጎ ሠራ። ጥላሸቱ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ለጸሐፊዎች ቀለም ይሆናል። አስቡት፣ ቆሻሻ ነው የምንለውን ነገር ሰውየው ገና ሕንፃውን ሲያቅድ ሥራ ሰጥቶታል! በመብራቶቹ መሐል ደግሞ ሸረሪት እንዳያደራ ተብሎ የሰጎን እንቁላል ይሰቀል ነበር። የሰጎን እንቁላልን እኛ የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ ነው።

እዚያው ከተማ ያለችውን፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረችውን ዛሬ መስጊድ የሆነችውን አያሶፊያንም አይቻለሁ። በ537 ተሠርታ ጉልላቷ በ558 የተደረመሰ፣ እንደገና የተሠራ፣ ከዘመናት በኋላ ሲናን ራሱ በድጋፍ ግንብ ያጠናከራት ናት። ታላቅ ናት፣ ግን ለውጭ ጎብኚ መግቢያው 25 ዩሮ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፣ የሚታየውም ከፎቁ ሆኖ ነው። ሱለይማኒዬ በነፃ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀና ማለት ይቻላል።

ስትወጡ ፊት ለፊት ቦሎቄ ወጥ የሚሸጡ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በሩዝ ብሉት፣ ሻይ ጨምሩበት። የሲናን መቃብር ከግቢው ውጭ የመንገድ ጥግ ላይ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ካልጠየቃችሁ ታልፏታላችሁ። አርብ ቀትር ላይ ግን ሰጋጁ ስለሚበዛ ጎብኚ አይገባም። ጠዋት ሂዱ፣ ገበያው ከሰዓት በኋላም አለ።