ሳይለይለት የቀረ ጂን

ዛሬ አንድ ነገር መወሰን ያቃተኝ ቀን ነው። ዝናቡ አያባራም፣ ከትናንት ያሳደርኳት ነገር ለነገ ተላለፈች። እንዲህ ሲያደርገኝ ትዝ የሚለኝ የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ ሂንተንና ናውላን በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ መማር ዝግመተ ለውጥን እንዴት እንደሚመራ ያሳዩበት የኮምፒውተር ሙከራ ነው።

1000 ሰው ሠራሽ ፍጥረታት፣ ለእያንዳንዱ 20 ጂን። ጂኑ በነርቭ መረቡ ውስጥ አንድ ግንኙነት ይኑር (1)፣ አይኑር (0)፣ ወይም በሕይወት እያለ ይለይለት (?) ይላል። ሲጀመር ግማሹ ጥያቄ፣ ሩቡ 1፣ ሩቡ 0 ነው። ትክክለኛው መረብ ሃያውም 1 የሆነው ብቻ! አሥራ ዘጠኝ ያሟላ ባዶ እጁን ይቀራል። በጭፍን ለመግጠም ዕድሉ ከ1,048,576 አንድ ነው፤ ቢገጥምም ከሌላ ጋር ሲዳቀል ልጁ ላይ ይበተናል።

ጥያቄ ያለበት ግን ሳንቲም እየወረወረ 1000 ጊዜ ይሞክራል። ቶሎ ያገኘ ብዙ ይወልዳል፦ የተረፈው ሙከራ በ19 ተባዝቶ ለ1000 ይካፈልና 1 ይደመርበታል። የተማረውን አያወርስም። ኮድ የምትጽፉ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ የተገኘውን መልስ ጂኑ ላይ መልሳችሁ ከጻፋችሁ የላማርክን (በሕይወት የተገኘ ለልጅ ይወረሳል ያለውን) ዓለም ነው የሠራችሁት፣ ጥያቄዎቹ ወዲያው ያልቃሉ። ሺውን ሙከራ ማስኬድም ትርፍ ድካም ነው። አንድ 0 ካለ እለፉት፤ ከሌለ ከጂኦሜትሪክ ሥርጭት (የመጀመሪያው ስኬት በስንተኛው ሙከራ እንደሚመጣ ከሚገልጸው) አንድ ቁጥር አውጡ። በመጀመሪያው ትውልድ 0 የሌለበት ከሺው ሦስት ገደማ ነው፣ እነሱም በአማካይ 13 ጥያቄ ተሸክመው። እናም ማንም ሳያገኝ ትውልድ ቢያልፍ ኮዱን አትንኩት።

የሚገርመኝ መጨረሻው ነው። 0 ይጠፋል፣ 1 ይበዛል፣ ጥያቄው ግን አልወጣም ይላል። አምስት ጥያቄ የቀረው በአማካይ በ32 ሙከራ ያገኛል፤ ነጥቡ 19.4 ገደማ፣ የፍጹሙ 20። ለዚች ማን ይሞታል? በዚያ ላይ ሁሉም የጥቂት ዕድለኞች ዘር ነው። እነሱ 1 ባልነበራቸው ቦታ፣ ሚውቴሽን (ድንገተኛ የጂን ለውጥ) ከሌለ፣ 1 ከየት ይምጣ?

ሚውቴሽን ቢጨመርስ? ጥያቄን ወደ 1 ያዞረ ሽርፍራፊ ያተርፋል፤ ወደ 0 ያዞረ ከ19.4 ወደ 1 ይከሰከሳል። ከ1000 ጂን አንዱ ይለወጥ ወይስ ከ10,000? ሁለቱንም ቁጥር ኮዱ ላይ ጽፌ አንዱን ኮምፒውተሩ እንዳያየው በአስተያየት ምልክት ዘግቻለሁ። አሁን ደግሞ የተዘጋው የተሻለ መሰለኝ።