ከኮምፒየኝ ጫካ እስከ በርሊን፦ የፈረመው ማን ነው?

ኮምፒየኝ ከፓሪስ በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት። እኔን የሳበኝ ግን ጫካዋ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዛፎቹ መሃል ገላጣ ሜዳ አለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በምዕራብ አውሮፓ የቆመው እዚህ በተፈረመ ወረቀት ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1918።

መሬቱ ላይ ሁለት የባቡር ሐዲዶች አሉ። በአንዱ የአጋሮቹ ጦር የበላይ አዛዥ የነበረው የፈረንሳዩ ማርሻል ፎሽ ባቡር፣ በሌላው የጀርመን ልዑካን ባቡር ቆሞ ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት እርምጃ ነው። ያን ያህል ሰው ያለቀበት ጦርነት የቆመው እንዲህ በተቀራረቡ ሁለት ባቡሮች መካከል ነው ብሎ ማሰቡ ይከብዳል።

የተፈረመው ጎህ ሳይቀድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ተኩስ የሚቆመው ግን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነበር። በመሃል ባሉት ሰዓታት ጦርነቱ ቀጠለ። ሄንሪ ጉንተር የተባለው አሜሪካዊ ወታደር የተገደለው አንድ ደቂቃ ሲቀር ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ትሬቡሾን ደግሞ ከተኩስ አቁሙ በኋላ ምግብ የት እንደሚታደል የሚናገር መልእክት ይዞ ሲሄድ ተመታ። መቃብሩ ላይ የሰፈረው ቀን ኖቬምበር 10 ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል። የሞተበትን ቀን እንኳ አልተዉለትም።

የተፈረመው በፎሽ ባቡር አንድ ፉርጎ ውስጥ ነው፤ ዛሬ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ያለው ፉርጎ ግን ዋናው አይደለም። ሂትለር በ1940 ፈረንሳዮችን በዚያው ፉርጎ አስፈርሞ ወደ በርሊን ወሰደው። በኋላም ወደመ።

እኔ ግን ብዙ ያሰብኩት ስለ ፈራሚው ነው። የጀርመንን ልዑካን የመራው ማቲያስ ኤርትስበርገር ሲቪል ፖለቲከኛ ነበር። የጦሩ የበላይ አዛዥ ሂንደንበርግ አልመጣም። ዓመት ቆይቶ ይኸው ሂንደንበርግ ለፓርላማ ኮሚቴ ቀርቦ ጦሩ ከጀርባው ተወጋ አለ፤ በጦር ሜዳ አልተሸነፈም፣ አገር ውስጥ ያሉት ከዱት ማለቱ ነው። ብዙ ሰው አመነው። ኤርትስበርገር በኦገስት 1921 ለእግር ጉዞ እንደወጣ በጥይት ተገደለ። ተሸናፊዎቹ ሳይፈርሙ ሽንፈቱን የፈረመው ሰው ዋጋ ከፈለ። ናዚዎችም ይህን ውሸት ይዘው ተነሱ።

ከዚያ ወደ ሬምስ ሄድኩ። ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ ቀይ የሸክላ ጡብ ትምህርት ቤት አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1945፣ በምዕራብ አውሮፓ የአጋሮቹ ጦር አዛዥ የጄኔራል አይዘንሃወር ጠቅላይ መምሪያ ነበር። የካርታ ክፍሉ ግድግዳ ዛሬም በጦር ካርታ እንደተሸፈነ ነው። ሜይ 7 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ41 ላይ ጀርመናዊው ጄኔራል ዮድል የአገሩን እጅ መስጠት እዚህ ፈረመ። አሁን ሲቪል የለም፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ጄኔራል ነው። አጋሮቹ የ1918ቱን ነገር አልረሱትም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1943 ካዛብላንካ ላይ ጀርመን፣ ጣሊያንና ጃፓን ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠት አለባቸው ያለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሞስኮ ግን በዚህ አልረካችም። የሶቪየቱ ተወካይ ሱስሎፓሮቭ የፈረመው ከአለቆቹ መልስ ሳያገኝ ነበር። ስታሊን ፊርማው በርሊን ውስጥ፣ ከፍ ባሉ አዛዦች እንዲደገም ጠየቀ። ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የመጨረሻ ማረፊያዬ በርሊን፣ ካርልስሆርስት ሆነ። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ የአራቱ አሸናፊዎች ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። ከጀርመን በኩል ካይተል ለጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነት፣ ፍሪደቡርግ ለባሕር ኃይል፣ ሽቱምፕፍ ለአየር ኃይል ፈረሙ። ሞስኮ ላይ ቀኑ ወደ ሜይ 9 ተሻግሮ ነበር። ሩሲያ የድል በዓሏን በዚህ ቀን የምታከብረው ለዚህ ነው። ጀርመን ውስጥ "ጦሩ አልተሸነፈም" የሚል ሰው የሚሾልክበት ቀዳዳ ተዘጋ።

እስያ ውስጥ ግን ሰው ገና ይሞት ነበር። ጃፓን የፈረመችው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945፣ ቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ላይ በቆመችው ሚዙሪ መርከብ ነው። እዚያም ሁለት ሰዎች ፈረሙ፤ ለመንግሥቱ ሺጌሚትሱ፣ ለጦሩ ጄኔራል ኡሜዙ። መርከቧ ዛሬ ፐርል ሃርበር ውስጥ ሙዚየም ናት። ቀጥዬ ማየት የምፈልገው እሷን ነው።